ዐሥራ ሁለተኛዋ መርፌ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን
ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከመስኮቱ ሥር

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለድምቢጤ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ ጤናሽ «ደኅና ነኝ» ብለሽ በሁለት ቃል አልፈሽዋል። ደኅና የሆነ ሰው ደኅንነቱን በሁለት ቃል አይጨርስም። ጉልበትሽ እንዴት እንደሆነ፣ ደረጃ ስትወጪ ያምሽ እንደሆነ አብራርተሽ ጻፊ። ደግሞ ቀን አልጻፍሽበትም። ይህንን ስንት ጊዜ ነገርኩሽ? ቀን የሌለው ደብዳቤ ቁልፍ እንደሌለው ኮት ነው፤ ይለበሳል እንጂ አያሞቅም።

እኔ ደኅና ነኝ። ጣራው ማፍሰሱን አቁሟል። ታች ቤት ያለችው አስተማሪ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ትዘፍናለች፤ ድምፅ የላትም፣ ግን ልብ አላት፤ ዳቦ ስትገዛ ለእኔም ታመጣለች። የላክሽልኝ መነጽር ደርሶኛል። ክፈፉ ያምራል፤ መስታወቱ ግን ብዙም አልረዳኝም። የዓይን ሐኪሙ ገና ጎረምሳ ነው፣ ወሬ ያበዛል፤ ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። መስመሬ ወደ ታች ካዘነበለብሽ ወረቀቱ መስመር ስለሌለው ነው።

ይህ ደብዳቤ ረጅም ነው። ሥራሽን አስቀምጪና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የሙሽራ ቀሚስ ጭንሽ ላይ አድርገሽ፣ ስፒል በከንፈርሽ ይዘሽ እንዳታነቢው። ከዐሥራ አምስት ዓመትሽ ጀምሮ «ስፒል በአፍሽ አትያዢ» እያልኩሽ አርጅቻለሁ፤ ዛሬ ግን የምር ምክንያት አለኝ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ነገር ግን በስልክ ስንገናኝ ሁለታችንም «አየሩ እንዴት ነው?» ብለን እንጀምርና እዚያው አየሩ ላይ እንቀራለን። ደብዳቤውንም ቢሆን አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

አሮጊቷ ተመልሳለች። አውሮፕላናችን።

ፕሬዚዳንቱን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያመላለሰችው፣ ባለ አራት ፕሮፔለሯ፣ በጎኗ ሰማያዊ መስመር ያላት። ከሥራ ከወጣች በኋላ በሜዳው ጫፍ ተጥላ ነበር፤ ሣሩ ጎማዋን ውጦት፣ ወፎች ሞተሯ ውስጥ ጎጆ ሠርተው። በአውቶቡስ በዚያ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞር ነበር። ባለፈው ዓመት ሙዚየሙ ወሰዳት። ክንፎቿን ነቅለው፣ በሁለት ረጃጅም መኪና ጭነው፣ አዳራሽ ውስጥ መልሰው ገጠሟት። አሁን በመስታወት ጣራ ሥር፣ በተወለወለ ወለል ላይ ቆማለች። ስትታይ ከድሮው ታንሳለች። ወይም እኛ ነን ትልቅ አድርገን የያዝናት።

በጥቅምት ወር የሙዚየሙ ኃላፊ ቤቴ መጣች። ወደ ሃምሳ የምትጠጋ፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍቼ መጀመሪያ ጫማዋን አየሁ። ተወልውሏል፤ አስገባኋት።

«እማማ፣ የፕሬዚዳንቱን አውሮፕላን የወንበር ልባስ የሰፉት እርስዎ ነዎት ተብዬ ነው» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«አንድ ሽማግሌ መካኒክ። ኪሳቸው ሙሉ ብሎን ነው።»

«ያ ሰውዬ ገና አልሞተም?»

«ኧረ! እሳቸውም ስለ እርስዎ እንዲሁ ብለው ነው የጠየቁኝ።»

ብሎን ያልነውን ያንን መካኒክ መቼም አትረሺውም። ኪሱ ውስጥ ብሎን እያንቀጫቀጨ በልባስ ክፍላችን በር ላይ የሚያልፈው፤ አንቺ ካለሽ ሁለቴ፣ ከሌለሽ አንዴ። አሁን በከዘራ ነው የሚሄደው። ጥርሱ የሐኪም ሥራ ነው፤ አፉ ግን የራሱ ነው። በየቀኑ ሙዚየሙ እየመጣ ጎብኚዎችን «አትንኩ!» እያለ ይቆጣል። ማንም አልቀጠረውም፤ ሊያስወጣው የደፈረ ሰውም የለም። ገና ከበሩ እንደገባሁ «እሜቴ ቆጠራ መጣች፤ ጣታችሁን ቁጠሩ፣ ከጎደለ ማታ አትወጡም!» ብሎ ለጠቅላላው አዳራሽ አወጀ። አልመለስኩለትም። ትንሽ ግን ደስ አለኝ።

ኃላፊዋ የፈለገችው የወንበሮቹ ልባስ ተፈትቶ እንዲጸዳ፣ ከዚያ እንደነበረው ተመልሶ እንዲሰፋ ነው። «በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ ነው የምንሰፋው፤ አንድም አዲስ የመርፌ ቀዳዳ አይፈቀድም» አለችኝ። በሕይወቴ ከእኔ የባሰ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። እሺ አልኳት። በሳምንት አራት ጠዋት እየሄድኩ ሠራሁ። ክሩን በመርፌው ዓይን እሷ ታስገባልኛለች፣ እኔ እሰፋለሁ። የአዳራሹ መብራት ደካማ ነው።

ውስጧ ስትገቢ ሽታዋ ያው ነው፤ ያረጀ ስፖንጅ፣ ብረት፣ ትንሽ ደግሞ ሳሙና። የፕሬዚዳንቱ ወንበር በቀኝ በኩል ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ብቻውን፣ እንደ ድሮው ነው። ስኒ እንዳይንሸራተት ጠርዟ ከፍ ያለችው ጠረጴዛም አለች። የልባሱ ሰማያዊ በመስኮቱ በኩል አመድ መስሏል። እጥፋቱን ስትገልጪው ግን፣ ፀሐይ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ እኔና አንቺ በመቀስ የቆረጥነው ዕለት እንደነበረው ነው።

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት የዚያን ወንበር መደገፊያ ልፈታ ተቀመጥኩ። ስፌት ሲፈታ ጣት ይቀድማል፣ ዓይን ይከተላል። በግራው ጠርዝ፣ ጠርዙን የሚያጠነክረው ገመድ በገባበት እጥፋት ላይ ጣቴን ሳሳልፍ፣ ወደ ታች ስደርስ ገመዱ ሁለት ሆነብኝ። አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ደረቅ። በጥፍሬ ተከተልኩት። ጎበጥ ያለ ነው።

ድምቢጤ፣ ሳላየው አወቅሁት።

ኃላፊዋን ጠራኋት። በወረንጦ ቀስ አድርጋ ሳበቻት። ቆልማማዋ መርፌ ናት፤ ዝጋለች፣ ክሩ ግን ገና ከዓይኗ አልወጣም።

«ውይ!» አለች ኃላፊዋ፣ «ፕሬዚዳንቱ ያን ሁሉ ዓመት መርፌ ተደግፈው ነው የኖሩት?»

ብሎን ከአውሮፕላኗ በር ላይ ሆኖ «ለዚህ ነው ለካ በፎቶው ሁሉ ቀጥ ብለው የተቀመጡት!» አለ።

ሁሉም ሳቁ። ወለል የምትጠርገዋ ሴት ሳትቀር መጥረጊያዋን ተደግፋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ክሩን በጣቴ ይዤ እስከ ጫፉ ተከተልኩት፤ ቋጠሮው ላይ ደረስኩ። ሦስት ዙር ነው። አንቺ የምትቋጥሪው ሁለት ዙር ነበር። «ሦስተኛው ለጌጥ ነው» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

የዚያን ቀን ነገር በአንቺ በኩል ያለውን ታውቂዋለሽ። በእኔ በኩል ያለውን ግን ለሠላሳ ስምንት ዓመት ለማንም፣ ለራሴም ቢሆን፣ በቅደም ተከተል ተናግሬው አላውቅም። ስለዚህ የምታውቂውንም ሳልዘል እጽፈዋለሁ።

እያንዳንዳችን ዐሥራ ሁለት መርፌ የተሰካበት ትንሽ ትራስ ነበረን፤ የእኔ በቀይ ክር፣ የአንቺ በሰማያዊ የተለየ። ሥራ ሲያልቅ አንዷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ ሌላዋ ከኋላዋ ትደግማለች፣ እኔ መዝገቡ ላይ ጽፌ እፈርማለሁ። መርፌ ከተሰበረች ሁለቱም ስባሪ ይመለሳል። አንዲት መርፌ ከጎደለች አውሮፕላን አይነሣም፤ የጠፋች መርፌ የት ገብታ ምን እንደምትቆርጥ አይታወቅምና። ከቆጠራ በኋላ ደግሞ ማንም መርፌ አይነካም። ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ የለጠፍኳት እኔ ራሴ ነኝ።

ፕሬዚዳንቱ በማግስቱ ጠዋት ሊበሩ ነበር። አንቺ የመደገፊያውን ግራ ጠርዝ ሰፍተሽ ጨረስሽ። ቆጠርሽ፤ ዐሥራ ሁለት። ደገምኩ፤ ዐሥራ ሁለት። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አንቺ እጅሽን ልትታጠቢ ወጣሽ። እኔ በወንበሩ አጠገብ ሳልፍ ከታች ያለችውን የመጨረሻዋን ስንዝር አየኋት። ስፌትሽ ዘንበል ብሏል። ቢበዛ በፀጉር ልክ ነው። ፕሬዚዳንቱ አያዩትም፣ ሚኒስትሮቹ አያዩትም። ነገር ግን የስፌት መምህርቴ «የማይታይ ስፌት የለም፤ ያላየ ሰው ነው ያለው» ትለን ነበር፤ አንቺንም በዚህ ቃል ነው ያሳደግኩሽ። አላስችል አለኝ። የእኔ ትራስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ የአንቺ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቆልማማዋን መዘዝኩ፣ ስንዝሯን ፈታሁ፣ እንደገና መስፋት ጀመርኩ።

ሦስት ስፌት ሲቀረኝ ተቆጣጣሪው ከበሩ ላይ «የመጋረጃዎቹን ወረቀት ፈርሚልኝ!» አለ። ደንገጥ አልኩ፤ ከቆጠራ በኋላ መርፌ ይዤ መታየት አልፈለግኩም። መርፌዋን ለአፍታ ጠርዙ እጥፋት ውስጥ ሰክቼ ሄድኩ። ፈርሜ ስመለስ ስፌቱን ከላይ ወደ ታች በመዳፌ ጫን ብዬ አለሰለስኩት። ቀጥ ብሏል። «አለቀ» አልኩና ወጣሁ። ያኔ ነው በገዛ መዳፌ ወደ ውስጥ የገፋኋት።

መርፌዋን ወደ ትራሱ ስመልሳት ትዝ ይለኛል ብዬ እምል ነበር። አሁን ሳስበው ትዝ የሚለኝ መርፌ የመለስኩበት ሌላው ሺህ ጊዜ ነው።

ጠዋት ተቆጣጣሪው ደግሞ ቆጠረ፤ ዐሥራ አንድ። ሞተሩ እንዲጠፋ ተደረገ። ፕሬዚዳንቱ በሌላ አውሮፕላን ሄዱ። ወንበሮቹ ተነቀሉ፣ ስፖንጁ ተገለበጠ፣ ጠርዙ ሁሉ ተዳሰሰ፤ ከገመድ ጎን የተኛች መርፌ ግን ገመድ መስላ ቀረች። በስድስተኛው ቀን «አውሮፕላኗ ውስጥ የለችም» ብለው ፍለጋውን ዘጉ።

ከዚያ ተቆጣጣሪው እኔን ጠየቀኝ። «ከቆጠራ በኋላ ትራሱን የነካ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። መርፌዋን መልሻታለሁ ብዬ ስላመንኩ፣ መንካቴን መናገሬ ለውጥ አያመጣም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰው ራሱን ሲያታልል ጠበቃውም ዳኛውም ራሱ ነው። አንቺን ሲጠይቁሽ «ዐሥራ ሁለት ነበሩ፤ እታለም ከኋላዬ ደግማዋለች» አልሽ። እኔን አየሽኝ። እኔ መዝገቡን አየሁ። ተቆጣጣሪው «ትራሱ የእሷ ነው፤ ሌላ ሰው ካልነካው የጠፋችው በእሷ እጅ ነው» ብሎ ጻፈ። እኔም እንደ ክፍል ኃላፊ ከሥሩ ፈረምኩበት። በሳምንቱ ተሰናበትሽ። በዓመቱ ርቀሽ ሄድሽ። አባባ እስኪያርፍ ድረስ «ድምቢጥ መቼ ነው የምትመጣው?» ይለኝ ነበር፤ እኔም «ሥራ በዝቶባት ነው» እለው ነበር።

ወደ ሙዚየሙ ልመለስ። መርፌዋ በተገኘች በዚያው ቀን ኃላፊዋ የአውሮፕላኗን የድሮ ፋይል አወጣች። በውስጡ የምርመራው ወረቀት አለ። ደስ ብሏት «ታሪክ ያላት መርፌ ናት!» አለችና፣ መርፌዋ በመስታወት ሣጥን ስትቀመጥ ከጎኗ የሚለጠፈውን ጽሑፍ እዚያው አረቀቀች፤ ጮክ ብላም አነበበችልኝ። ስምሽ ከነአባትሽ አለ። «ረስታት የሄደችው» ይላል። ሰኞ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ቃላቱን አሳጥሪው፤ ይረዝማል» አልኩ። ይህንንም እጽፈዋለሁ። ኮቴን ለብሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓርብ ሙሉ ያመላለስኩት አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። አንቺ የራስሽን ስፌት ከሺህ ትለዪዋለሽ። ወንበሮቹ ሲነቀሉ እዚያው ቆመሽ ነበር። ያቺ ስንዝር መለወጧን እንዴት አላየሽም? ቅዳሜ ጠዋት ሙዚየም ሄድኩ። ብሎን በክንፏ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን ወንበሮቹን የነቀልከው አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ዛሬም ብሎን ጎደለ ልትዪኝ ነው?»

«ድምቢጥ አጠገብህ ነበረች?»

ብሎኑን ማንቀጫቀጩን አቆመ። በሃምሳ ዓመት ትውውቃችን ሲያቆም የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«አሁን ይህን ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ቋጠሮው የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ከየት ታውቃለህ?»

«ከእሷ ነዋ። ስፌቱን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ወረደችና ታች ስትደርስ ቆመች። ፈገግ አለች። ‹ይህች ስንዝር የእኔ እጅ አይደለችም፤ እታለም አላስቻላትም› አለች። ‹ታዲያ ተናገሪያ!› አልኳት። ‹ሁለታችንም ከወጣን አባባን ማን ያስታምመዋል? እኔ የትም ሄጄ እሰፋለሁ፤ እሷ ግን ከዚህ ክፍል ውጭ መኖር አትችልም። ለማንም አንዲት ቃል ብትተነፍስ አላናግርህም› አለችኝ።»

«አንተም ሠላሳ ስምንት ዓመት ዝም አልክ?»

«አላናግርህም ብላኛለች እኮ!» አለ። ቀጥሎ ከዘራውን አየና «እሷ ግን እንዲያም ሆኖ ሳታናግረኝ ሄደች» አለ።

መሐረብ አልያዝኩም ነበር። ያለ መሐረብ ከቤት ስወጣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ብሎን፣ መፍቻውን የሚጠርግባትን ጨርቅ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ዘይት ዘይት ትሸታለች። አጥቤ፣ ተኩሼ መለስኩለት፤ «አበላሸሻት» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊዋ ቢሮ ከእሷ ቀድሜ ደርሼ በሩ ላይ ጠበቅኳት።

«የጻፍሽው ስሕተት ነው» አልኳትና ከላይ የጻፍኩልሽን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«እማማ፣ የድሮ ነገር ነው። ማንም አያስታውሰውም። የማንንም ስም ሳንጠራ ‹አንዲት ሠራተኛ› ብንለውስ?»

«አንዲት ሠራተኛ የምትባል ሰው አላውቅም» አልኳት። «ያጠፋችው ስም አላት፤ ያላጠፋችውም ስም አላት።»

«ሰው ይስቅብዎታል።»

«ይሳቅ። የእኔ እህት ሳይሳቅባት ነው የተባረረችው።»

አሁን ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ይህችን መርፌ ከቆጠራ በኋላ፣ ደንቡን ተላልፋ የተጠቀመችባትና በወንበሩ ጠርዝ ውስጥ የረሳቻት የልባስ ክፍሉ ኃላፊ ናት። በዚህ ምክንያት ከሥራ የተሰናበተችው ታናሽ እህቷ ጥፋት አልነበረባትም።» ከሥሩ የሁለታችንም ስም አለ፤ የአንቺ ቀድሞ። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ በገዛ እጄ የጻፍኩት ወረቀት ከድሮው ወረቀት ጋር ተያይዟል። ፊርማዬን ከድሮው ጋር አስተያየችና «ትንሽ ዘምሟል» አለች። «ብዕሩ ነው» አልኳት።

አሁን ለአንቺ። ልጅ ሆነሽ ስታጠፊ «አታጉተምትሚ፤ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይቅርታ ጠይቂ» እልሽ ነበር። ስለዚህ በሙሉ ዐረፍተ ነገር እጠይቅሻለሁ፦ ጥፋቱን እኔ ሠርቼ፣ ቅጣቱን ለአንቺ ሰጥቼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት «ደኅና ነኝ» እያልኩ ስለኖርኩ፣ ይቅር በዪኝ። መልሱን በፖስታ አልፈልገውም።

ሥራውን ልጨርስልሽ። ሁሉም ወንበሮች ተሰፍተዋል፤ ዐሥራ አራቱም፣ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች። የፕሬዚዳንቱም ወንበር ልባሱ ተመልሷል፤ በግራው ጠርዝ ከታች አንዲት ስንዝር ብቻ ትቀራለች። አልዘጋኋትም። ኃላፊዋ በመጀመሪያ የረሳሁ መስሏት ነበር።

«እማማ፣ እዚህች ጋ ትንሽ ቀርታዎታል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ልዝጋት? ለጎብኚ እንኳ አትታይም።»

«የማይታይ ስፌት የለም» አልኳት። «የዚያች ባለቤት ሌላ ናት።»

ክርክር የተነሣው በመርፌዋ ነው። ዝገቷን በለስላሳ ጨርቅ አስለቅቀንላታል። ኃላፊዋ ወደ መስታወቱ ሣጥን ልታስገባት ስትል ያዝኳት። «የሙዚየም ዕቃ ሥራ ላይ አይውልም፤ ደንብ ነው» አለችኝ። «ሥራዋን ሳትጨርስ የሙዚየም ዕቃ አትሆንም» አልኳት። ከሁለታችን ማን የባሰ እንደሆነ ያኔ ተለየ። ሰማያዊው ትራስሽ በእኔ ዘንድ ነበር። ያኔ ክፍሉ ሲጥለው አንሥቼ ከነዐሥራ አንዱ መርፌ መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬው ነበር፤ ለምን እንዳነሣሁት ራሴንም ጠይቄው አላውቅም። አሁን ቆልማማዋ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ትራሱ በወንበሩ አጠገብ፣ በዚያች ጠርዟ ከፍ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ብሎን በየቀኑ እየገባ «አትንኩ!» ይላል፤ የሚነካ ሰው ግን እዚያ የለም።

የአውሮፕላኗ ውስጥ ለሕዝብ የሚከፈተው ሰኔ 6 ቀን ነው። አንቺ ግን በግንቦት ብትመጪ ይሻላል፤ በግንቦት የጠዋቱ ብርሃን በቀኝ በኩል ባሉት መስኮቶች ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። የሚመጣው ዓመት አይሆንም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ዘንድሮ ይሻላል። ፊትሽን ደኅና አድርጌ ማየት እፈልጋለሁ፤ ፎቶግራፎችሽ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደበዘዙ ነው። መኝታሽ ከመስኮቱ በኩል ነው፤ አልጋውን አንጥፌዋለሁ። ለብሎን እንደምትመጪ አልነገርኩትም፤ ግን ባለፈው ሳምንት ጸጉሩን ተስተካክሎ መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም።

ዕድሜሽ ይርዘም። እጅሽ አይዛል፣ መርፌሽ አይሰበር። ዓይንሽን፣ ከሁሉ በላይ ዓይንሽን፣ ይጠብቅልኝ። ያሳደግኩሽ ልጄም እህቴም ነሽ፤ ያሳደግሽኝ ግን አንቺ እንደሆንሽ አሁን ገና ገባኝ።

ስትመጪ ስንዝሯን በሁለት ዙር ቋጥረሽ ዝጊያት። ሦስተኛው ለጌጥ ነው። ዘንበል ብትልም ማንም አይፈታትም። ከዚያ ትራሱን በእጅሽ ያዢና እንደ ድሮው ጮክ ብለሽ ቁጠሪ፤ እኔ ከኋላሽ እደግማለሁ።

እታለምሽ